ከዊንዶውስ 10 ወደ ሊኑክስ ሚንት፦ የአንድ ጽሕፈት ቤት የሥራ ማስታወሻ

ቦታው ጅማ፣ ሂርማታ መርካቶ አካባቢ ያለ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ዕቃው ሁለት ዴስክቶፕ፣ አንድ ላፕቶፕና የሒሳብ መዝገብ የሚያዝበት ሌላ ኮምፒውተር። አራቱም ላይ ያለው ዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት ለዚህ ዊንዶውስ ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ጥገና ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አቁሟል። ወደ 11 እንዳይሻገሩ ደግሞ ዊንዶውስ 11 ቢያንስ ስምንተኛ ትውልድ የሆነ የኢንቴል ፕሮሰሰርና ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ክፍል ይፈልጋል፤ የእኛዎቹ አራተኛ ትውልድ ናቸው። መስፈርቱን ዘልሎ መጫን እንደሚቻል አውቃለሁ። የራሴ ማሽን ቢሆን እሞክረው ነበር፤ ሰው እንጀራውን በሚበላበት ማሽን ላይ ግን አላደርገውም።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ርክክብ

ባለቤቱ ሐጂ ነገሩ ብዙም አልጣማቸውም። "ልጄ፣ ማሽኑ ይሠራል። የሚሠራ ነገር ለምን ይነካል?" አሉኝ።

ተገቢ ጥያቄ ነው። "ድጋፉ አበቃ" ሲባል ብዙ ሰው ነገ ጠዋት ኮምፒውተሩ የማይነሳ ይመስለዋል። ይነሳል፣ እንደ ትናንቱም ይሠራል። የሚቆመው የደህንነት ጥገናው ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የሚገኝ ቀዳዳ ሳይደፈን ይቀራል። ቤታቸው ተቀምጦ ፊልም ለሚያዩበት ኮምፒውተር ቢሆን አልከራከርም። ይህ ግን ከጠዋት እስከ ማታ የማይታወቅ ሰው ፍላሽ የሚሰካበት ቤት ነው። ሲቪ የሚያሳትም ሥራ ፈላጊ፣ የኪራይ ውል የሚያጽፍ ነጋዴ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያስጠርዝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሁሉም በኪሱ ፍላሽ ይዞ ነው የሚመጣው። ግማሹ ላይ ደግሞ ያ የታወቀው ሾርትከት ቫይረስ አለ፤ ፎልደሮችን ደብቆ በምትካቸው በስማቸው አቋራጭ የሚያስቀምጠው።

"እሱን እንኳ አውቀዋለሁ፤ ከደንበኛ ጋር ያጣላኝ እሱ ነው" አሉ ሐጂ። በዚሁ ተስማማን።

ሁለቱ ዴስክቶፖችና ላፕቶፑ በዊንዶውስ ምትክ ሊኑክስ ሚንት 22.2 የሚባለው ነጻ ሲስተም ይጫንባቸዋል፤ ቀለል ያለው የኤክስኤፍሲኢ ዕትም። 4 ጊጋ ባይት ራም ላይ ሳያቃስት ይሄዳል፣ በፈረንጆቹ እስከ 2029 ጥገና ያገኛል፣ ከዊንዶውስ የመጣ ሰውም ሜኑውን እዚያው የለመደው ቦታ፣ ከታች በስተግራ ያገኘዋል።

የሒሳቡን ኮምፒውተር አልነካውም። የሐጂ የእህት ልጅ እዚያ ላይ የመርካቶ ነጋዴዎችን ሒሳብ በፒችትሪ ይይዛል፤ ፒችትሪ ደግሞ የዊንዶውስ ሶፍትዌር ነው። የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ የሚያስነሳ ዋይን የሚባል ነገር አለ፤ ግን በሰው ሒሳብ ላይ ሙከራ አይሠራም። የኢንተርኔት ገመዱ ተነቀለ፣ ለእሱ ብቻ የሚሆን አንድ ፍላሽ ተመደበ፣ የደንበኛ ፍላሽ እንዳይሰካበት ተባለ። አንድ ኮምፒውተር በዊንዶውስ መቅረቱ ሽንፈት የሚመስለው ሰው አለ። ሲስተም የሚመረጠው ለሚሠራው ሥራ ነው፣ ሥራው ለሲስተሙ አይመረጥም።

ቅዳሜ ማታ፣ ባክአፕ

ሐጂ ባክአፕ የሚያዝበት 64 ጊጋ ባይት የተጻፈበት አዲስ ፍላሽ ከመንገድ ሻጭ ገዝተው ጠበቁኝ። አዲስ ፍላሽ ሳልፈትሽ ፋይል አላስቀምጥበትም። ዊንዶውስ ላይ ኤች2ቴስትደብሊው የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ፍላሹን ጠርዝ እስከ ጠርዝ በፋይል ይሞላና መልሶ ያነባል። (ሊኑክስ ላይ ይህን የሚሠራው ኤፍ3 ይባላል።) ውጤቱ ሲመጣ ፍላሹ በትክክል የሚይዘው 8 ጊጋ እንኳ አይሞላም። ቺፑ ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ "64 ነኝ" ብሎ እንዲዋሽ ተደርጎ ነው የተሠራው። ክፋቱ፣ ቅጂው ሲገለበጥ ምንም ስህተት አያሳይም፤ የፋይሉ ስም ይታያል፣ መጠኑ ይታያል፣ ውስጡ ግን የለም። እዚህ ላይ የብዙ ዓመት ውልና ውክልና ገልብጠን ዊንዶውስን አጥፍተን ቢሆን ኖሮ ማን ለማን ይመልስ ነበር?

ባክአፑ በእኔ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ሆነ። ከሰነዶቹ ሌላ፣ የዊንዶውስን የፎንት ፎልደር እንዳለ ገለበጥኩ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ለምን እንደሚያስፈልግ ወደ ኋላ ይመጣል።

ማሽኖቹን ከመዝጋቴ በፊት ሌላ አንድ ነገር፦ ፋስት ስታርትአፕ የሚባለውን አጠፋሁ። እሱ በርቶ ሳለ ዊንዶውስ "ተዘጋሁ" ሲል በእርግጥ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ነው፤ ዲ ድራይቭንም እንደያዘው ያድራል። በኋላ ሚንት ያን ዲ ለመክፈት ሲሞክር ዲስኩ በትክክል አልተዘጋም ብሎ እንቢ ይላል፣ ወይም ማንበብ ብቻ ይፈቅዳል። ዊንዶውሱ ከጠፋ በኋላ ይህን ማስተካከል ስለሚያደክም አስቀድሞ መጨረስ ይሻላል።

እሑድ፣ አይኤስኦ

አይኤስኦ የሚባለው የመጫኛው ፋይል 3 ጊጋ ባይት ገደማ ነው። በሌሊት ፓኬጅ አወረድኩት፤ በመሃል መብራት ጠፍቶ ተቋርጦ ቀጠለ። ፋይሉ በስሙም በመጠኑም ሙሉ ይመስላል። ሻ256 የሚባለውን አሻራ አስልቼ ሚንት ካወጣው ጋር ሳመሳክረው ግን አይገጥምም። (ዊንዶውስ ውስጥ ሰርትዩቲል የሚባል ትእዛዝ ያሰላዋል፤ ተጨማሪ ነገር ማውረድ አያስፈልግም።) 64ቱ ቁምፊዎች አንድ በአንድ ካልገጠሙ ፋይሉ ተበላሽቷል ማለት ነው። "ትንሽ ነው የተለየው" የሚባል ነገር እዚህ የለም።

እንደገና 3 ጊጋ ማውረድ በእኛ የዳታ ዋጋ ያማል። አያስፈልግምም። ሚንት ይህንኑ ፋይል በቶረንት ይሰጣል፤ የቶረንት ፋይሉ ራሱ ኢምንት ነው። የተበላሸውን አይኤስኦ የቶረንቱ መቀበያ ፎልደር ውስጥ በዚያው ስም አስቀምጦ "እንደገና ፈትሽ" ማለት ነው። ፕሮግራሙ ፋይሉን በቁርጥራጭ ይመረምርና የተበላሹትን ቁርጥራጮች ብቻ ያወርዳል። ጥቂት ሜጋ ባይት ወርዶ አሻራው ገጠመ። ወደ ፍላሽ የጻፍኩት ኤቸር በሚባል ፕሮግራም ነው፤ ከጻፈ በኋላ መልሶ አንብቦ ያረጋግጣል።

ሰኞ፣ ዴስክቶፕ አንድ

በባጃጅ ጭኜ ቆጪ ወዳለው ቤቴ አመጣሁት። እዚህ ማሽን ላይ ሐጂ የሚፈልጉት፣ ሲ ላይ ያለው ዊንዶውስ ሄዶ ዲ እንዳለ እንዲቀመጥ ነው። ይህ የሚቻለው ጫኚው "ሙሉ ዲስኩን አጥፋ" የሚለውን ምርጫ ሲያቀርብ ትቶ "ሌላ ነገር" የሚለውን መርጦ ፓርቲሽኑን (የዲስኩን ክፍልፋይ) በእጅ በመሥራት ነው። ብዙዎች ግሩብ (ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም) አልተጫነም የሚለውን ቀይ መልእክት የሚያገኙትም እዚሁ መንገድ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር የሚነሳበት ሁለት መንገድ አለ፤ አሮጌው ሌጋሲ ይባላል፣ አዲሱ ዩኢኤፍአይ። ኤፍ 12 ተጭኖ የቡት ሜኑ ሲከፈት ያው አንድ ፍላሽ ሁለት ቦታ ተጽፎ ይታያል፤ አንዱ ከፊቱ ዩኢኤፍአይ የሚል አለበት፣ ሌላው የለበትም። ሰው ከላይ ያገኘውን ይጫናል። የዚህ ማሽን ዲስክ ግን ኤምቢአር በሚባለው በአሮጌው ዘዴ የተከፋፈለ ነው፣ ዊንዶውሱም የተጫነው በሌጋሲ ነበር። በዩኢኤፍአይ ተነስቶ እዚህ ላይ የሚጭን ሰው የቡት ፋይሉን የሚያስቀምጥበት የኢኤፍአይ ፓርቲሽን አያገኝም። ጫኚው አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያውን "ቀጥል" ብሎ ያለፈ ሰው መጨረሻው ላይ "ግሩብን መጫን አልተቻለም፣ ይህ ከባድ ስህተት ነው" የሚለው ይጠብቀዋል። ከዚያ ዲስኩ ተበላሽቷል ብሎ አዲስ ለመግዛት የሚሄድ አለ።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ዊንዶውሱ ሳይጠፋ ሲስተም ኢንፎርሜሽንን ከፍቶ "ባዮስ ሞድ" የሚለውን መስመር ማንበብ ይበቃል። ሌጋሲ ካለ ፍላሹም በሌጋሲው መስመር ይነሳል። የሚንት መነሻ ገጽም ይለያያል፦ በዩኢኤፍአይ ሲነሳ የግሩብ የጽሑፍ ሜኑ ይመጣል፣ በሌጋሲ ሲነሳ ደግሞ ወደ ኋላ የሚቆጥር ገጽ።

በሌጋሲ አስነሳሁ፣ ሲን ሰረዝኩ፣ በቦታው ኤክስት4 የሚባለውን የሊኑክስ ፓርቲሽን ሠራሁ፣ ዲን አልነካሁም። ራም ሲሞላ የሚያግዘውን ስዋፕ የሚባለውን ሚንት ራሱ በፋይል መልክ ይሠራዋል። ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ሳይቀዳ ተጭኖ አለቀ።

ማክሰኞ፣ "የሚነሳ ዲስክ የለም"

ጠዋት ቤታቸው ወስጄ ሰካሁት፣ ተነሳ፣ ሁሉም ደስ አለው። እኩለ ቀን ላይ መብራት ሄደ። (ግልገል ግቤ አንድ ከነ184 ሜጋ ዋቱ ጎረቤታችን ነው፤ ጉርብትናው ግን እስካሁን ብዙ አልጠቀመንም።) መብራት ሲመጣ ማሽኑ የሚነሳ ዲስክ የለም አለ።

ሐጂ ዝም ብለው አዩኝ። ዊንዶውስ እያለ እንዲህ ብሎ አያውቅም፤ ስለዚህ ጥፋተኛው አዲሱ ሲስተም ነው። የማንም ሰው ፍርድ እንዲህ ነው የሚሆነው። ባዮስ (የማዘርቦርዱ የራሱ ምርጫዎች ያሉበት ገጽ) ውስጥ ስገባ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። ምክንያቱ ወዲያው ታወቀኝ፦ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ አልቃለች። ቁጥሯ 2032 ነው፣ 3 ቮልት። ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲለይ ሰዓቱንና የባዮስ ምርጫዎችን የምትይዘው እሷ ናት። እሷ ስታልቅ ምርጫው ሁሉ ፋብሪካ ወዳስቀመጠው ይመለሳል፤ የዚህኛው የፋብሪካ ምርጫ ዩኢኤፍአይ ብቻ ነው። እኛ በሌጋሲ የጫንነው ሚንት እዚያው ዲስኩ ላይ አለ፣ ግን ማሽኑ በዚያ በኩል አይፈልገውም። ዊንዶውስም ቢሆን ያው በሌጋሲ ስለነበር ተመሳሳይ ነገር ይደርስበት ነበር፤ ባትሪዋ እስከዚያ ድረስ ነፍስ ስለነበራት ነው ያልደረሰበት።

ባትሪዋን ከሰዓት ሠሪ ሱቅ አመጣሁ፣ ቀየርኩ፣ ምርጫውን ወደ ሌጋሲ መለስኩ። ገመዱን ነቅዬ ቆይቼ መልሼ ሰካሁት፤ ቀኑም ምርጫውም ቦታቸው አሉ።

ባትሪ ያለቀበት ማሽን ሌላም ሐሰተኛ ስህተት ያመጣል፤ ለሚገጥመው ሰው ልጻፈው። ቀኑ ወደ ኋላ ሲሆን ብራውዘሩ ድረ ገጾችን "የደህንነት ምስክር ወረቀቱ ልክ አይደለም" እያለ ይዘጋል፣ የሚንት ማሻሻያ ደግሞ "ፋይሉ ገና ጊዜው አልደረሰም" ይላል። ኮምፒውተሩ ባለፈው ዓመት ላይ ቆሞ ዛሬ የተፈረመ ነገር ስለሚያይ ነው። ኢንተርኔቱ አይደለም፣ ቫይረስም አይደለም። መጀመሪያ ሰዓቱን ማየት። እኛ አገር ደግሞ በሐበሻና በፈረንጅ ሰዓት መካከል ስድስት ሰዓት መቀናነስ ስለለመድን፣ የተሳሳተ ሰዓት ዓይናችን ውስጥ ቶሎ አይገባም።

ረቡዕ፣ ዴስክቶፕ ሁለት

ያው ሞዴል፣ ያው ፍላሽ። ጫኚው መሃል ላይ ቆመና "ኤርኖ 5፣ የመግቢያና የመውጫ ስህተት" አለ። ከሥሩ ያለው ማብራሪያ ሐቀኛ ነው፤ ምናልባት ሲዲው፣ ምናልባት ማንበቢያው፣ ምናልባት ሃርድ ዲስኩ ይላል። እነዚህን ሁሉ የሚጠረጥር መልእክት መፍትሔ አይሰጥም፤ መለየት የእኛ ሥራ ነው።

ፍላሹ በመጀመሪያው ዴስክቶፕ ላይ ሠርቷል፤ ይህ ብቻውን ነጻ አያወጣውም፣ ጥርጣሬውን ግን ይቀንሳል። ቀጥሎ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ከፍቼ የከርነሉን፣ ማለትም የሲስተሙን እምብርት፣ መዝገብ አየሁ፤ ዲሜሰግ የሚባለው ትእዛዝ ያሳየዋል። ችግሩ ከፍላሹ ቢሆን ስኳሽኤፍኤስ የሚል ስም ያለበት ስህተት ይደረደር ነበር። እዚህ ያለው ግን ኤቲኤ የሚልና "ግንኙነቱን እንደገና በማስጀመር ላይ" የሚል ነው፣ ደጋግሞ። ከዲስኩ በኩል ነው ማለት ነው።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ "ሃርዱ ሞቷል" ብሎ ያቆማል። እኔም ዋጋ ለመጠየቅ ስልኬን አንስቼ ነበር። ግን የሚንት ፍላሽ ውስጥ ዲስክስ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ዲስኩ ስለራሱ የሚመዘግበውን ስማርት የተባለውን መረጃ ያሳያል። ዓይኔ የሚሄደው ወደ ሦስት ቁጥሮች ነው። 5ኛው ተበላሽተው በሌላ የተተኩ ሴክተሮችን፣ 197ኛው ለመነበብ እንቢ ብለው ውሳኔ የሚጠብቁትን ይቆጥራል። እነዚህ ሁለቱ ከፍ ካሉ ዲስኩ እየሄደ ነው፣ ሰነድ አታስቀምጥበት። እዚህ ሁለቱም ዜሮ ናቸው። ከፍ ያለው 199ኛው ነው፤ እሱ የሚቆጥረው ዳታው በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል ሲጓዝ የተበላሸበትን ጊዜ ነው። መካከላቸው ያለው ደግሞ ቀዩ የሳታ ገመድ ብቻ ነው።

ማንም የማይጠቀምበት የዲቪዲ ማንበቢያ ላይ የነበረውን ገመድ ነቅዬ ወደ ሃርዱ አዞርኩት። ጫኚው ሳይቆም ጨረሰ። 199ኛው ቁጥር ወደ ዜሮ አይመለስም፣ የታሪክ መዝገብ ስለሆነ፤ ዋናው ከዚያ በኋላ አለመጨመሩ ነው። ማታ ድረስ ፋይል ስገለብጥበት ውዬ አልጨመረም።

ሐጂ ለዲስክ ያዘጋጁትን ገንዘብ መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። "እንዲህ ያለ ሥራ ነው የምወደው" አሉ። እኔ ገንዘቡ ኤስኤስዲ ለሚባለው ፈጣን ዲስክ ቢውል እመርጥ ነበር፤ እንደዚህ ያለ ማሽን ከሚያገኘው ማሻሻያ ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። በሌላ ጊዜ አነሳዋለሁ።

ሐሙስ፣ ላፕቶፕ

ሚንት ያለችግር ተጫነ፣ ዋይፋይ ግን የለም። ቺፑ የብሮድኮም ነው፤ ድራይቨሩ (ቺፑን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ክፍት ስላልሆነ አብሮ አይጫንም፣ ለብቻው መጨመር አለበት። ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨሩ። ከዚህ አዙሪት የሚያወጡ ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ ስልክን በዩኤስቢ አገናኝቶ ቴዘሪንግ ማብራት ነው፤ ሚንት እንደ ኬብል ኢንተርኔት ያየዋል። ሌላው ዳታም አይጠይቅም፦ የመጫኛውን ፍላሽ መልሶ ሰክቶ ድራይቨር ማኔጀርን መክፈት። ድራይቨሩ ፍላሹ ውስጥ ስላለ ከዚያ ያነሳዋል። በሁለተኛው ሠራሁ።

ከዚያ ሌላ ነገር መጣ። ላፕቶፑ ላይ ሴክዩር ቡት በርቷል፤ እሱ ያልተፈረመ ድራይቨር አያስገባም። ሚንት ድራይቨሩን ሲጭን የራሱን ቁልፍ ፈጥሮ የይለፍ ቃል እንድንሰጥ ይጠይቃል። ቀጥሎ ሲነሳ ሞክ የሚባል ሰማያዊ ገጽ ይመጣል፤ እዚያ ላይ ቁልፉን አስመዝግብ ብሎ ያንኑ የይለፍ ቃል መስጠት ያስፈልጋል። ገጹ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው የሚቆየው። ሻይ ሊቀዳ የሄደ ሰው ያልፈዋል፣ ካለፈው ደግሞ ድራይቨሩ "ተጭኗል" ይላል ዋይፋዩ ግን የለም፤ በእጅ ሲጠራም "ቁልፉ ተቀባይነት አላገኘም" ይላል። ካለፈ ድራይቨሩን አንስቶ እንደገና መጫን ገጹን ይመልሰዋል። ሴክዩር ቡትን ማጥፋትም ይቻላል። አስጨራሽ ሆኖ ካልተገኘ በቀር አላጠፋውም።

ዓርብ

ለጁምዓ ቤቱ ስለሚዘጋ ጥቂት ሰዓት ብቻ። ፕሪንተሩ ሌዘርጄት ፒ1102 ነው፤ ኤችፒሊፕ በሚባለው የኤችፒ የሊኑክስ ድራይቨር ይሠራል፣ ግን ተጨማሪ ፕለጊን በኢንተርኔት ያወርዳል። ኮፒ ማሽኑ ከኮምፒውተር ጋር ስላልተገናኘ አይመለከተኝም።

ቅዳሜ፣ ፊደል

ሥራው ዛሬ ነው የጀመረው ማለት ይቻላል። እስከ ትናንት የነበረው የማሽን ጉዳይ ነው፤ ይህ ግን ቤቱ የሚኖርበት ነው።

ጸሐፊዋ ዲን ከፍታ አንድ የቆየ የቤት ሽያጭ ውል አስነሳች። ገጹ ሙሉ የላቲን ፊደል፣ ጭረት የተጫነበት ፊደል፣ የገንዘብ ምልክት። "ወንድሜ፣ ፋይሉ ተበላ እንዴ?" አለችኝ፤ ፊቷ ተለዋውጦ።

አልተበላም። ግዕዝ ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ ቁጥር የሚሰጠው ሥርዓት) ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 በወጣው በ3.0 ዕትም ነው። ከዚያ በፊት፣ በእኛ ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች የሚሠሩት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የግዕዝን ቅርጽ በማስቀመጥ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል ማስቀመጡን ብቻ ነው፤ "ሀ" ሆኖ የሚታየው ፎንቱ የሀን ልብስ ስላለበሰው ነው። አንድ ባይት ከ256 በላይ ቦታ የለውም፣ ፊደላችን ከነሰባት ቤቱ፣ ከነዲቃላውና ከነቁጥሩ ከዚያ ይበልጣል፤ ስለዚህ አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት አካፈሉት። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ያ ሰነድ ሲከፈት የሚታየው እርቃኑ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ የፎንት ፎልደሩን የገለበጥኩት ለዚህ ነው። የድሮዎቹን የግዕዝ ፎንቶች ከዚያ አውጥቼ የሚንት የፎንት ፎልደር ውስጥ አስገባሁ፣ ሊብሬኦፊስን (የሚንትን የጽሑፍ ማዘጋጃ) ዘግቼ ከፈትኩ። ውሉ አማርኛ ሆነ። ጸሐፊዋ ተነፈሰች።

ግን የታየ ሁሉ አልዳነም። እንዲህ ያለ ሰነድ ውስጥ "ኪራይ" ብሎ መፈለግ አይቻልም፤ ውስጡ ኪራይ የሚል ቃል የለምና። ቀድቶ ቴሌግራም ላይ ቢለጠፍ ያው የላቲን ጉድ ነው። ደንበኛ በስልክ ላኩልኝ ካለ ወደ ፒዲኤፍ ለውጦ መላክ ብቻ ነው የሚያዋጣው። ሁሉንም ወደ ዩኒኮድ እንለውጥ ያልኩት እኔ ነበርኩ፣ አይሆንም ያለችው ጸሐፊዋ ናት፤ ትክክልም ናት። ዲ ላይ ካለው ሁሉ በየቀኑ የሚጠራው ጥቂት ነው፦ የቤት ኪራይ ውል፣ የመኪና ሽያጭ፣ ውክልና፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ማመልከቻ። እነሱን በተጠሩ ቁጥር በዩኒኮድ እንደገና ትጽፋቸዋለች፤ ሌላው እንደ ማኅደር ይቀመጣል።

በአፋን ኦሮሞ የተጻፉት ሰነዶች ግን አንዱም አላስቸገረ። ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ የትኛውም ማሽን ላይ እንዳለ ይከፈታል። እዚህ ቤት ከሚጻፈው ብዙው በአፋን ኦሮሞ መሆኑ ለእኔ ትልቅ እፎይታ ሆነ።

የዩኒኮዶቹም የራሳቸው አመል አላቸው። ንያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የመጣ የማይክሮሶፍት ፎንት ነው፤ ሚንት ውስጥ የለም። ታይምስ ኒው ሮማን ባይኖር ሊብሬሽን ሴሪፍ በስፋቱ ልክ ስለተሠራ መስመሩ አይዛነፍም። ለንያላ ግን እንዲህ ያለ ልክ የሆነ ምትክ የለም፤ ሌላ የግዕዝ ፎንት ሲተካበት መስመሩ ይሰፋል። ውጤቱ፣ አንድ ገጽ የነበረ የኪራይ ውል የምስክሮቹን ፊርማ ብቻ ወደ ሁለተኛ ገጽ ጣለው። እንዲህ ያለ ውል አትሞ መስጠት አይቻልም፤ ፊርማ ብቻ ያለበት ወረቀት ነገ ሌላ ነገር ላይ ሊጠረዝ ይችላል። ናሙናዎቹን ሁሉ በነጻ ወደሚገኘው አቢሲኒካ ኤስአይኤል አዞርን፣ መጠኑንና የመስመር ርቀቱን አስተካከልን፣ አንድ ገጽ ላይ ገቡ።

መጻፊያው ቀረ። አይባስ በሚባለው የኪቦርድ መቀያየሪያ ላይ ኤም17ኤን የሚባለውን ጨምሬ ሴራ የተባለውን የአማርኛ አጻጻፍ አሳየኋት፤ ሸ በኤክስ፣ ጠ በትልቁ ቲ። ጥቂት ጻፈችና እጇን አነሳች። "ጣቴ ሌላ ነው የሚያውቀው" አለች። ኪማን የሚባለውም ለሊኑክስ አለ፤ የጂኤፍኤፍ አማርኛ ኪቦርድን በእሱ ጫንኩላት። ይሄኛው ቀለላት። በሁለቱም ላይ ከተጫነ በኋላ ከአካውንቱ ወጥቶ መግባት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ሌላ ቦታ ይጽፋል፣ ሊብሬኦፊስ ውስጥ ግን እንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚወጣው።

ሰኞ

የቡና ወቅት ስለሆነ ከጠዋቱ ጀምሮ የውል ወረፋ አለ። ከወረፋው መሃል አንዲት ተማሪ ፍላሽ ሰጠች፤ "ሌላ ቤት ፋይልሽ ጠፍቷል አሉኝ፣ ሾርትከት ብቻ ነው ያለው" አለች። ቫይረሱ ፎልደሩን የሚደብቀው የዊንዶውስን "ድብቅ" ምልክት አድርጎበት ነው፤ ሚንት ለዚያ ምልክት ቁብ ስለሌለው ፎልደሩ ከነስሙ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ጸሐፊዋ ከፍታ አተመችላት። ለጸሐፊዋ ያስጠነቀቅኳት፦ ሚንት ቫይረሱን አላየውም እንጂ አልገደለውም። ፍላሹ ወደ ሌላ ዊንዶውስ ሲመለስ ያው ነው፣ ስለዚህ አቋራጮቹንና አብሯቸው ያለውን እንግዳ ፋይል ሰርዞ መስጠት ነው። ወደ ሒሳቡ ኮምፒውተር ደግሞ በጭራሽ።

የቀሩ ነገሮች፦ የላፕቶፑ ራም ወደ 8 ጊጋ ማደግ አለበት፤ የሚፈልገው ዲዲአር3ኤል ነው፣ ተራውን ዲዲአር3 የሚሸጥ እንዳያሳስት ሐጂ ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ። የዴስክቶፕ ሁለትም ባትሪ ሳታልቅ ትቀየር። ታይምሺፍት የሚባለው የመልሶ ማግኛ ፕሮግራም በርቷል፣ ግን እሱ የሚይዘው ሲስተሙን እንጂ ሰነዶቹን አይደለም፤ ለሰነዶቹ በየሳምንቱ ወደ ውጫዊ ዲስክ የሚገለብጥ ነገር አዘጋጃለሁ፣ ዲስኩ ሲገዛ። ሐጂ ዲስኩን ከዚያው ከመንገድ ሻጭ ሊገዙ ነበር፤ አብረን እንሄዳለን ተባብለናል፣ ኤፍ3ን በላፕቶፕ ይዤ።